ለኦሞድ የተጸለየው ጸሎት

ከአቦቦ ወደ ጋምቤላ ስመለስ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ከፊቴ ሁለት ሴቶች ያወራሉ። አንዷ አንገቷ ላይ መቁጠሪያ ያንጠለጠለች ካቶሊክ ናት፤ ሌላዋ ነጭ ጋወኗን የታቀፈች ነርስ።

«እሑድ እሑድ ቤተክርስቲያን ፊልም ታያላችሁ አሉ?»

«እናያለን፣ እንወያያለን። ፊልሙ የድሮ ከሆነ ደግሞ ተዋንያኑ ሞተዋል ብለን ለነፍሳቸው እንጸልያለን።»

«ለተዋናይ?»

«ነፍስ የለውም እንዴ? አንዱ ‹ያቺ መነኩሴ›፣ ‹ያ ወታደር› እያለ ይጠራል፤ ሕዝቡ ‹የዘላለም ዕረፍት ስጠው› ይላል።»

«ደግ ነው።»

«ባለፈው እሑድ ግን አሮጊቷ አክስቴ ፊልሙ ላይ ሬሳ ሳጥን የተሸከመውን ሰውዬ አይታ ‹ኦሞድ› ብላ ጠራች። እኛም በልማድ ‹የዘላለም ዕረፍት ስጠው› አልን።»

«ኦሞድ ማነው?»

«የሰፈራችን ልጅ። ያኔ አጠገቤ ተቀምጦ ፊልሙን ያይ ነበር!»

«በሕይወት አለ?»

«አለ እንጂ። ደንግጠን ፊልሙን መልሰን አየነው። የሰውዬው ፊት የኦሞድ ራሱ ነው፤ ግንባሩ ላይ ያለው ጠባሳ እንኳ አልቀረም። ፊልሙ ግን እሱ ሳይወለድ የተሠራ ነው።»

«በስመ አብ! ቄሱ ምን አሉ?»

«አባ ‹የተጸለየ ጸሎት አይመለስም፤ ዛሬውኑ ንስሐ ግባ› አሉት። እሱ ሳቀ። ‹ሥራ በዝቶብኛል፣ ሌላ ጊዜ› አለ።»

«አሁንስ የት ነው?»

«ይኸው፣ እኛን ይዞ እየነዳ።»

ሾፌሩ ወደ መስታወቱ ቀና ሲል፣ ግንባሩን ላለማየት ዓይኔን ጨፈንኩ።