በወርቅነህ ስም ኬላ ያለፍኩ ዕለት

በእኛ ጊዜ፣ ልጄ፣ ረጅም መሆን መከራ ነበር። ለውትድርና አፈሳ ሲመጣ አጭሩ አልጋ ሥር ይገባል፣ እኔ የት ልግባ? አክስቴ ጓዳ፣ ከጎተራው ጀርባ፣ እግሬን አጥፌ ሁለት ወር ተቀመጥኩ፣ እና ያለችኝ አንዲት ሬዲዮ ናት። ታዲያ በሷ የብሔራዊ ቡድኑን ቅርጫት ኳስ እሰማለሁ፣ ስምንት ቁጥሩን ወርቅነህን እሰማለሁ። ኳሱ እጁ ሲገባ አስተላላፊው ራሱ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ "ዘለለ፣ ዘለለ፣ አሁንም አየር ላይ ነው" ይላል። እዚያው ላይ ሻይ ጠጥቶ ነው የሚወርደው እንል ነበር።

ታዲያ ይሄ ቡድን ከአምቦ ምርጥ ጋር ሊጫወት መጣ። እኔ ደግሞ የአምቦ ምርጥ ነኝ። አንቺ ብትሆኚ ጓዳ ትቀመጫለሽ? ወጣሁ፣ ተጫወትኩ፣ ተሸነፍን፣ እሱስ ይሁን፣ እና ሲያልቅ እህቴ እያለቀሰች መጣች።

"ገመቹ፣ በሩ ላይ ታጣቂዎች ቆመዋል፣ ያንን ረጅሙን ነው የምንፈልገው ይላሉ፣ ሂን ባኢን፣ እንዳትወጣ።"

ወርቅነህ ሰማት። ቱታውን አወለቀና "ልበስ" አለኝ።

"አንተስ?"

"እኔን ዛሬ አምቦ ሁሉ አይቶኛል፣ ማን ይይዘኛል? ነገ በሕዝብ አውቶቡስ እመጣለሁ። ከልጆቹ መሃል ሆነህ አውቶቡሳችን ውስጥ ግባ።"

ገባሁ። ከነዚያ ረጃጅሞች መሃል እኔም አጭር መሰልኩ፣ በሩን አለፍን።

ታዲያ አዲስ ዓለም ኬላ ላይ ጠባቂው የስም ዝርዝር ይዞ አውቶቡሱ ውስጥ ገባ፣ አንድ በአንድ ይጠራል። "ወርቅነህ" ሲል "አቤት" አልኩ፣ ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

"ጓድ ወርቅነህ፣ በሬዲዮ ነው የማውቅህ። ለልጄ ፈርምልኝ" ብሎ የሲጋራ ካርቶን ሰጠኝ።

ፈረምኩ። እጄን ያያል። ያያል።

"ወርቅነህ ግራኝ አይደለም እንዴ?" አለኝ ቀስ ብሎ።

ልጄ፣ ግራኝነቱን አገር ያውቀዋል፣ እኔም አውቃለሁ፣ ግን ፍርሃት እጅ ይመርጣል? በቀኜ ፈርሜያለሁ። በቃ፣ ተያዝኩ፣ ልጆቹንም አስያዝኩ አልኩ።

ጠባቂው ካርቶኑን ኪሱ ከተተና ዝርዝሩ ላይ ምልክት አደረገ። "ሁሉም አሉ፣ እለፉ" አለ ጮክ ብሎ። ከዚያ ወደኔ ጎንበስ አለና "የኔም ልጅ ረጅም ነው" አለኝ፣ ወረደ።

"ታዲያ ኦቦ ገመቹ፣ ሲያልፉ ደስ አላለዎትም?" አልኳቸው እኔ አድማጫቸው።

"ምን ደስታ አለ? እስከ አዲስ አበባ ድረስ እየዞርኩ ኋላችንን አይ ነበር፣ ሐሳቡን ቀይሮ ይከተለናል እያልኩ። የሰውየው ደግነት የገባኝ ስንት ዘመን ቆይቶ ነው። ፍርሃት እንዲህ ነው፣ ያዳነሽንም ያስጠረጥርሻል። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም።"