የባቄላ ፍሬ የምታህል

«ይኸው! አምጡ ካላችሁ አይቀር ሙሉውን ውሰዱት!»

ሽማግሌው ቻ ማንሶክ በትከሻቸው ያንጠለጠሏቸውን ሁለት ባልዲዎች ከሩዝ ማሳው ዳር፣ ከጎመን መደባቸው አጠገብ አሳረፉ። ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ መንገድ ላይ ያገኟት ወጣቷ መምህርት ኡንሱክ አፍንጫዋን ላለመያዝ ታገለች።

«አባባ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«የልጅ ልጄ ጆምሱን ‹መምህርት ሰገራ አምጡ ብላለች› አለችኝ። ለጎመኔ የማጠራቅመው ነው። ትምህርት ቤቱ አትክልት ሊተክል ነው?»

ኡንሱክ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «በወረቀት የተጠቀለለች፣ የባቄላ ፍሬ የምታህል ትበቃ ነበር። በአጉሊ መነጽር ታይቶ፣ ትል ያለባቸው ልጆች መድኃኒት እንዲሰጣቸው ነው።»

«ለትል ነው ይሄ ሁሉ? አባቴም ከነትሉ ኖሮ ከነትሉ ነው የተቀበረው! ደግሞ ለጆምሱን አትድከሚ። ከአዝመራ በኋላ ከተማ ሰው ቤት ትገባለች። ክፍል ውስጥ ታንቀላፋለች ያልሽኝ አንቺው አይደለሽ? ትምህርት አልገባት አለ።»

ኡንሱክ መናገር የሚከብዳት ሰው ነበረች። ያን ቀን ግን ዝም ብትል ጆምሱንን ዳግም በክፍሏ እንደማታያት ገባት።

«አባባ፣ አምና አሳማዎ አልወፍር ብሎ ነበር አሉ።»

«እንዴታ! ይበላል፣ ይበላል፣ አጥንቱ ይቆጠራል። የትል መድኃኒት ብግተው ጊዜ ነው እንደ ከበሮ የተነፋው።»

«ለምን ሸጠው አልተገላገሉትም ነበር?»

«ምን ነካሽ! ጥፋቱ የትሉ እንጂ የአሳማው ነው እንዴ?»



ኡንሱክ እንዳቀረቀረች ቀጠለች። «ጆምሱንም ትበላለች፤ የምትበላው ግን ለእሷ አይደርስም። ጥሬውን ሰገራ ጎመኑ ላይ እናፈሳለን፣ ጎመኑ ሳይበስል ኮምጥጦ ኪምቺ ሆኖ ትሉን ይመልስልናል።»

«ራዲዮኑ አገር የሚያድገው በፋብሪካ ነው ይላል፤ አንቺ ደግሞ በሰገራ ትይኛለሽ!»

«ፋብሪካው ውስጥ የሚቆመው ሰው አይደል፣ አባባ? በትል ደም ያነሰው ሰው እስከ ማታ አይቆምም። ለታመመ ልጅ የሚሰጥ ትምህርት ደግሞ ክትሩ በተናደ ማሳ ላይ እንደሚለቀቅ ውሃ ነው። ጆምሱን ድና ብትማር ግን ለእርስዎም፣ ነገ ለልጆቿም ትተርፋለች። አገርም የሚያድገው እንዲሁ ነው፣ ከቤት ወደ ቤት። ሰገራውንም አይጣሉት፤ ጉድጓድ ውስጥ ተከድኖ ይክረም። ሲበሰብስ ትሉ ይሞታል፣ ማዳበሪያነቱ ግን የትም አይሄድም።»

ዛሬ በዚያ ማሳ ላይ ፎቅ ቆሟል፤ የሰፈሩ ልጆችም የሆድ ትልን የሚያውቁት ከመጽሐፍ ነው። ፀጉሯ የሸበተው ኡንሱክ ግን በዚያ ስታልፍ ያ ሽታ ሳይቀር ይናፍቃታል፤ ሽማግሌው በባልዲዎቻቸው መካከል ቆመው ጎመናቸውን ትክ ብለው ሲያዩ ይታያታል።

«አሳማ ያዳንኩ ሰውዬ…» አሉ ያን ቀን በመጨረሻ። «የባቄላ ፍሬ ነው ያልሽው?»

«አዎ፣ አባባ።»

ባልዲዎቻቸውን መልሰው ተሸክመው ሄዱ፤ ከቤታቸው ጀርባም ጉድጓድ ቆፍረው ገልብጠው ከደኑት። ጆምሱን በማግስቱ በወረቀት የተጠቀለለችውን ይዛ መጣች፤ ቆይቶም መድኃኒቱን ዋጠች። አዝመራው ሲያልቅ ወደ ከተማ አልሄደችም።