አንድ ጥንድ ጎማ ለሁለት መኪና

ክቡር የስምሪት ኃላፊያችን፣ ከእርስዎ ልጀምር። ሾፌራችን ጋሽ ዝግታ መሪውን ተነጥቆ ዛሬ የግቢውን በር የሚከፍተውና የሚዘጋው በእርስዎ ምክንያት ነው። ይህን ሳልናገር ብሄድ አንቆኝ ይኖራል።

አሁን ወደ ወጉ ልመለስ። ክቡራትና ክቡራን፣ ሥራችሁን ትታችሁ፣ ወንበር ደርድራችሁ በጡረታ ስለሸኛችሁኝ አመሰግናለሁ። ርእሰ መምህሯን ስለሸለሙኝ ጃንጥላ አመሰግናለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼን ከዳርኩ በኋላ ነው፤ ሳነብ ብንቀራፈፍ ታገሱኝ። በገዛ እጄ የጻፍኩት ስለሆነ ግን አንድም መስመር አልዘልም።

ይህ ትምህርት ቤት ልጆች የሚያመላልሱ ሁለት ሚኒባሶች አሉት። እኔ የአንደኛው ረዳት ነበርኩ። በር እከፍታለሁ፣ ቦርሳ እቀበላለሁ፣ አፍንጫ እጠርጋለሁ። ሾፌሬን ልጆቹ ናቸው «ጋሽ ዝግታ» ያሉት። ለምን እንዳሉት አብራችሁት የሄዳችሁ ታውቃላችሁ። «ትናንት ኤሊ ክላክስ አድርጋብን አለፈች» እያሉ ይስቁበት ነበር።

የሁለቱም መኪኖች የፊት ጎማ ሙልጭ ሲል፣ ከስንት ውትወታ በኋላ ሁለት አዲስ ጎማ መጣ። ኃላፊያችን ምን አደረጉ? አንዱን ለእኛ፣ አንዱን ለዚያኛው መኪና ሰጡ።

«ሾፌሮቹ እንዳይቀያየሙ ነው» አሉ። «እኔ አላዳላም።»

ጫማ ቢሆን ኖሮ አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ለጸሐፊዋ ይሰጡን ነበር? ሁለታችንም እያነከስን ቢሮ እንገባ ነበር፤ ግን ማንም አልተዳላበትም!

ከዚያ ወዲህ መኪናችን ፍሬን ሲያዝ ወደ ግራ ይስብ ጀመር። ጋሽ ዝግታ ነገራቸው። «መሪውን ጠበቅ አድርገህ ያዝ» አሉት። እኔም ሄጄ ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና፣

«እንግዲያው እትዬ፣ ወፈር ወፈር ያሉትን ልጆች በቀኝ በኩል ያስቀምጧቸው። ሚዛን ይጠብቃሉ» አሉኝ።

አትሳቁ። አስቀመጥኳቸው።

አንድ ቅዳሜ ጋሽ ዝግታ አስፈቅዶ መኪናውን እኔ ቤት አመጣው፤ ግቢዬ ደልዳላ ነው። የልብስ ማስጫ ገመዴን ፈትቼ ሰጠሁት። የፊት ጎማዎቹ ተጣመው እንደሆነ ለማየት በግራም በቀኝም ከኋላ ጎማ እስከ ፊት ጎማ ወጠርነው። ከዚያ በሁለቱ የፊት ጎማዎች መካከል ያለውን ስፋት በልብስ ሰፊ ሜትር፣ አንዴ ከፊታቸው፣ አንዴ ከኋላቸው ለካን። እኩል ነው። የፊት እግሩ አልተጣመመም።

«ታዲያ ምን ቀረ?» አልኩት።

«ጎማው ነዋ! አንዱ ጥርሱ ሙሉ፣ አንዱ ድዱ ብቻ የቀረ። ቆይ፣ ግራና ቀኝ እናቀያይራቸው።»

በክሪክ አንስተን አቀያየርናቸው። መንገድ ወጥተን ፍሬን ሲይዝ መኪናው ወደ ቀኝ ሄደ። ከደስታዬ ብዛት አጨበጨብኩ። በሽታው ተገኘ!

ሰኞ ጠዋት ቢሯቸው ገባሁ። «ሁለቱ አዲሶች አንድ መኪና ላይ ይታሰሩ። ያኛው ጥንዱ እስኪመጣለት ይቁም» አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። «አሁን ወደ ቀኝ ነው የሚስበው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ወፍራሞቹን ወደ ግራ ያዛውሯቸው።»

አዛወርኳቸው። አንዷ ልጅ፣ «እማማ፣ ሁልጊዜ እኔን ብቻ ለምንድን ነው የምታዘዋውሪኝ?» አለችኝ። «እዚህ መስኮቱ ይሻላል» አልኳት። ወፍራም ናት እንጂ ሞኝ አይደለችም። ከዚያ ቀን ወዲህ ምሳ ዕቃዋ እንደሞላ ወደ ቤት ይመለሳል።

በዚያው ሳምንት ውሻ መንገድ ገባብን። ጋሽ ዝግታ ፍሬን ያዘ፤ መኪናው ወደ ቀኝ ተስቦ የመንገድ ዳር አጥር ፋቀ። ልጆቹ ከማልቀስ በቀር አልተጎዱም። ኃላፊያችን ግን «ሾፌሩ አርጅቷል» ብለው ከመሪው አንስተው በር ላይ አቆሙት። እርጅና ነው ጎማ ሲቀያየር አቅጣጫ የሚቀይረው? ነገ ጠዋት ሌላ ሾፌር በዚያው መኪና፣ በእነዚያው ጎማዎች ልጆች ጭኖ ይወጣል። በሩን የሚከፍትለትም ጋሽ ዝግታ ነው።

እናንተስ፣ ባልደረቦቼ? ኮሪደር ላይ «እውነትሽን ነው እትዬ» ትሉኛላችሁ። ስብሰባ ላይ ጣሪያ ጣሪያውን ታያላችሁ። ዛሬም ኬኩን ነው የምታዩት።

በእውነት ደስ ልታሰኙኝ ከፈለጋችሁ ጎማዎቹን አጣምሩ፤ መሪውን ለጋሽ ዝግታ መልሱለት። እስከዚያ ጃንጥላውን ለእሱ ሰጥቼው እሄዳለሁ። በሩ ላይ መጠለያ የለም።

እንግዲህ ደህና ሁኑ። ልጆቻችሁ በሰላም ወጥተው በሰላም ይግቡ። የለፋችሁበት ይባረክ፤ ጡረታችሁ ከእኔ በተሻለ የልብ ሰላም ይድረሳችሁ። ለእርስዎም፣ ክቡር ኃላፊ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ ያጠፉትን ለማስተካከል ጊዜ ያስፈልግዎታል።

እኔ ግን ከነገ ጀምሮ ልጅን በክብደቱ መርጬ አላስቀምጥም።