ልላከው ወይስ ልደብቀው

ነገ የምሰጠው የማጅራት ገትር ክትባት ያለበትን ሣጥን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በታክሲ እወርዳለሁ። ከፊቴ አንዲት ወጣትና አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል፤ የተዋወቁት እዚያው ታክሲው ውስጥ ነው።

«ቀበሌ ነገ ወጣቶች ሁሉ ለክትባት ይውጡ ብሏል» አለች ወጣቷ። «ወንድሜ አሥራ ስምንት ሞልቶታል። ከእሱ ሌላ ሰው የለኝም። እርስዎ ቢሆኑ ይልኩት ነበር?»

«ምኑ ያስፈራሻል?»

«በዚያው ይዘው ጦር ሜዳ ቢሰዱብኝስ?»

«ቀስ በይ፣ ልጄ» አሉ አሮጊቷ። «እኔም ባለፈው ክትባት ጊዜ እንዳንቺው ፈርቼ፣ ልጄን ቢስቲማ አክስቱ ዘንድ ሸሸግሁት።»

«የወጡትን ልጆች ወሰዷቸው?»

«ወላሂ ማንንም አልነኩም። የጎረቤቶቼ ልጆች ተከትበው፣ ክንዳቸውን እያሻሹ ለምሳ ቤታቸው ገቡ።»

«የእርስዎስ ልጅ?»

«በሽታው ቢስቲማ ድረስ ሄዶ አገኘው። በሦስተኛው ቀን ቀበርነው።»

«እግዜር ያጽናዎት። እንግዲያው እልከዋለሁ።»

አሮጊቷ የወጣቷን ክንድ ያዙ።

«ታላቁን ግን ልኬው ነበር» አሉ።

«ለክትባት?»

«ለስብሰባ። ያኔም የጠራው ቀበሌ ነው። ከስብሰባው ጭነው ወሰዱት፤ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ እማማ?»

«እንጃ፣ ልጄ። እኔ ቤት አሁን የሚላክም የሚደበቅም የለም።»

ወራጅ እስክል ድረስ ጭኔ ላይ ያለውን ሣጥን በኮቴ ሸፍኜ ተቀመጥሁ።