የአባቴ ግመሎች የተጻፉበት መዝገብ

በእኛ ጊዜ ልጅ ሲወለድ ማን ይጽፈው ነበር? የዝናቡ ዓመት ነው፣ የድርቁ ዓመት ነው ይባላል፣ አለቀ። ዛሬ ወረቀት ከሌለህ አልተወለድክም። ታዲያ የልጄ ልጅ ፈርዶሳ፣ ይቺ አጠገባችሁ የተቀመጠችው፣ ትምህርቷን ጨርሳ ኪታምቡሊሾ ላውጣ ብትል፣ መታወቂያውን ማለቴ ነው፣ የአገሩ ልጅ መሆኗን የሚያጣሩት ሽማግሌዎች አፍጥጠው፣ «ቅድመ አያትሽ የት ነበር? ከድንበር ማዶ የመጣችሁ አይደላችሁም እንዴ?» አሏት። አልቅሳ መጣች። እኔ እሳት ሆንኩ። አባቴ እኮ ከድንበሩ ወዲህ፣ ኦዳ በሚባለው ቦታ፣ ግመል ሲያረባ ኖሮ እዚያው የተቀበረ ሰው ነው፣ ሰማችሁ?

እና እጇን ያዝኩና መንግሥት ቢሮ ሄድን። የድሮ መዝገብ የሚጠብቀው ካራኒ፣ ጸሐፊው ማለቴ ነው፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ «እማማ፣ የአባትሽ ስም ማን ነው?»

«ሁሴን አደም።»

ግመል ወደ ገበያ ለሚነዱ ሰዎች ፈቃድ ይጻፍበት የነበረውን መዝገብ አወጣ። ገለጠ፣ ገለጠ፣ ፈርዶሳም አብራው አነበበች፣ የለም። «ሃኩና፣ እማማ፣ የለም» ብሎ ሊዘጋው ሲል እጄን ገጹ ላይ ጫንኩ።

«አንሺ እንጂ፣ ይቀደዳል።»

«አላነሳም። እንደገና ግለጥ፣ ቀስ ብለህ።»

«ማንበብ ትችያለሽ?»

«አልችልም። አንተ ግለጥ።»

ታዲያ በየስሙ ዳር የግመሎቹ ምልክት ተስሎ አይቻለሁ እኮ። ገለጠ፣ ገለጠ፣ አንዱ ጋ ሁለት ዘንግ፣ በመካከላቸው ግማሽ ጨረቃ። የእኛ ነው! አባቴ በጋለ ብረት የግመሎቻችንን አንገት ሲተኩስ ገመዱን የምይዘው እኔ ነበርኩ፣ እንዴት ይጠፋኛል?

«ይኸው» አልኩ።

«ይሄ ሁሴን አይልም፣ እማማ።»

«ታዲያ ማን ይላል?»

ፈርዶሳ ጎንበስ ብላ አየች።

«አንብቢያ!»

«አኮ፣ አያቴ፣ አባ ዘይነባ ይላል።»

ዘይነባ እኔ ነኝ። የበኩር ልጁ። ለካ ሞኞቹ እኛ ነን። እዚህ አገር ልጅ የወለደን ሰው ማን በስሙ ይጠራዋል? በመጀመሪያ ልጁ ነው የሚጠራው፣ አባ እገሌ ነው፣ ሲጠየቅም ያንኑ ነው የሚናገረው። እና እኛ ማንም ጠርቶት የማያውቀውን ስም ስንፈልግ ዋልን።

ካራኒው ቅጂውን ማህተም መታልን፣ ይዘን ለሽማግሌዎቹ ሄድን። ትልቁ ሽማግሌ ምልክቱን አየ፣ እኔን አየ፣ «የኦዳው አባ ዘይነባ?» አለ።

«የኦዳው።»

«ግመላቸውን እናውቀው የለ! ምነው መጀመሪያ አልነገርሽንም?»

«መች ጠየቃችሁኝ? ልጅቷን ነው ያስለቀሳችሁ።»

ሳቁ፣ አፈሩም፣ ፈረሙላት። መታወቂያዋ ይኸው፣ አሳዪያቸው ፈርዶሳ፣ አትሽኮርመሚ።

ወንድሞቼ ግን እስከ ዛሬ ቅር ይላቸዋል። «አምስት ወንዶች ተወልደን አባታችን መንግሥት ዘንድ በሴት ልጅ ስም ይታወቅ?» ይላሉ። ምን ላድርጋቸው፣ ቀደምኳቸው! ሂ ሂ ሂ።