መዝገብ ያልተከፈተላቸው ልጆች

አቶ ወልደገብርኤል አዲስ ሻንጣ ይዘው የልደታ ኮንዶሚኒየምን ደረጃ ሲወጡ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ጉልበታቸው አልታዘዝ አላቸውና ቁጭ አሉ። ዕለቱ መስከረም አሥራ ሦስት ነበር። ውሃ ከጠፋ ሦስት ቀን ስለሆነው ደረጃው ከየጀሪካኑ በተንጠባጠበ ውሃ ረጥቧል። እርሳቸው ግን ሱሪያቸው መራሱን ልብ አላሉም፤ ሐሳባቸው በማግስቱ ጉዞ ላይ ነበር።

አቶ ወልደገብርኤል ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጌጃ ሰፈር የነበረው ቤታቸው ሲፈርስ ከአንድ ልጃቸው ከበሱፍቃድና ከልጅ ልጃቸው ከኮከቤ ጋር እዚህ አራተኛ ፎቅ ገቡ። የኮከቤ እናት ኑሮው መርሯት ወጥታ ከቀረች ቆይታለች። በሱፍቃድን ደግሞ በሚያዝያ ማለቂያ አረቄ ገደለው። ቤቱ ውስጥ የቀሩት ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌና የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ብቻ ናቸው።

ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው ሲስተር ሶረቲ ጀሪካን ተሸክማ ስትወጣ እዚያው ተቀምጠው አገኘቻቸው። ሶረቲ በአንድ ሆስፒታል የሱስ ሕሙማን ክፍል ነርስ ናት።

"ጋሽ ወልዴ፣ አመመዎት እንዴ?"

"ደህና ነኝ ልጄ፤ ደረጃው ነው። ሽማግሌን አራተኛ ፎቅ የሚሰቅል ዕጣ፣ እግዜር ይይለት።"

"ሻንጣውስ? ለመስቀል አገር ቤት ሊወርዱ ነው?"

"አዎ፣ ነገ ጉመር እንወርዳለን። ሻንጣው የኮከቤ ነው።"

"ነግራኛለች። ፊቷ እንደዚያ በርቶ አይቻት አላውቅም። ትምህርት ስለተጀመረ ግን ቶሎ መመለስ ይኖርባችኋል።"

አቶ ወልደገብርኤል ልጅን መዋሸት ውሸት አይመስላቸውም፤ አዋቂ ፊት መዋሸት ግን ያስጨንቃቸዋል። እንዲህ ያለ ሰው በየቤታችን ሞልቷል፤ እኛም ሐቀኛ እንለዋለን።

"እኔ እመለሳለሁ" አሉ። "እሷ እዚያው እህቴ ዘንድ ትቀራለች። ግን አልነገርኳትም፤ ብነግራት አትሄድልኝም።"

ሶረቲ ጀሪካኑን አስቀምጣ ከእርሳቸው አንድ ደረጃ ዝቅ ብላ ተቀመጠች።

"ትምህርቷስ ጋሽ ወልዴ?"

"የቱን ትምህርት? ዘጠነኛ ክፍልን ወድቃ ልትደግም አይደል? ሲስተር፣ አንቺ ተምረሻል፤ እኔ ግን አይቻለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ሳወጣና ስመልስ ኖሬያለሁ። ሰክሮ ሰው የደበደበ ሰው መዝገብ ዛሬ በእጄ ያልፋል፤ ከዓመታት በኋላ የልጁ ይመጣል። የአባትየውን ስም ሳነብ ሰውየውን አስታውሰዋለሁ። አንዴ ሁለቴ እንዳይመስልሽ። ደም ነው። ኮከቤ በሱፍቃድ የሚል መዝገብ ተከፍቶ ከማይ ከዚህ ከተማ ብትርቅልኝ ይሻላል።"

"ያዩትን አላዩም አልልም። አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎ። አባቱ ሰካራም ሆኖ እሱ ደህና ሰው የወጣ ልጅ፣ መዝገቡ በየትኛው መደርደሪያ ነበር?"

"ደህና ሰው ምን ሊያደርግ መዝገብ ቤት ይመጣል?"

"እሱን ማለቴ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የወደቁትን ብቻ ሲያዩ ኖሩ። ያልወደቁት በእርስዎ ደጅ አላለፉም።"

ሶረቲ እጇን በነጠላዋ ጫፍ ስታደርቅ ቆየችና ለጎረቤት ተናግራው የማታውቀውን ነገር ተናገረች።

"የእኔ አባት የሚኒባስ ሹፌር ነበር። ከሰዓት ጫት ይቅማል፣ ማታ ምርቃናውን ለመስበር ይጠጣል። በመጨረሻ መኪናውም ሄደ፣ ቤታችንም ተበተነ። ሶረቲ ጂራታ ነኝ፤ የእኔን መዝገብ አይተው ያውቃሉ?"

አቶ ወልደገብርኤል ቀና ብለው ተመለከቷት። ሁለት ዓመት ሙሉ እግዜር ይስጥልኝ ሲባባሉ ይህችን የመሰለች ጨዋ ልጅ ከጨዋ ቤት የወጣች ነበር የሚመስላቸው።

"ታዲያ ምንም አይወረስም ነው የምትይኝ?"

"እንደዚያማ ብል ዋሸሁ። ዝንባሌው ይወረሳል። የሱሰኛ ልጅ ከሌላው ልጅ የበለጠ መጠንቀቅ አለባት፤ እኔም እስከ ዛሬ እጠነቀቃለሁ። ግን ዝንባሌ ስላለ ነገሩ አልቋል ማለት አይደለም።"

"እሺ ባሕርይዋስ? ግንቦት ላይ ጫማ አምጥቼ፣ ይህን አሁን ውሰጂ ወይም ለእንቁጣጣሽ ከነቦርሳው የተሻለ እገዛልሻለሁ አልኳት። ወዲያው የአሁኑን አነሳች። ቁርጥ አባቷ፤ ነገ የሚባል ነገር የማታውቅ።"

"አባቷ ነገ ሲላት፣ ያ ነገ ስንት ጊዜ መጥቶላት ያውቃል?"

"እሱማ… አንድም ቀን።"

"እንግዲህ ልብ ይበሉ። የሚያመዛዝነው፣ ቆይ የሚለን የአንጎል ክፍል እዚህ በግንባራችን በኩል ያለው ነው። የሚበስለውም ከሁሉ ዘግይቶ፣ ሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነው። ልጅ ግን አባቴ ዛሬ እንዴት ሆኖ ይገባ ይሆን እያለች የበር ድምፅ ስትጠብቅ ካደገች፣ አደጋ የሚጠብቀው ክፍል ሁልጊዜ እንደነቃ ነው፤ ቆይ የሚለው ደግሞ ልምምድ ያጣል። በእንዲህ ያሉ ልጆች አንጎል ላይ ተመራማሪዎች ልዩነት ያዩበት ጊዜ አለ። በሁሉም ላይ አይደለም፤ ምን ያህሉ ከዘር፣ ምን ያህሉ ከኑሮ እንደሆነም ገና እየተከራከሩ ነው። ኮከቤ ግን በእጇ ያለውን የያዘችው ስግብግብ ሆና አይመስለኝም። ባደገችበት ቤት ትክክለኛው ምርጫ ያ ነበር።"

"ፈተናውንስ ምን ልትይው ነው? የሒሳብ ፈተናዋን ግማሹን ሳትሠራ ጥላ ወጣች። የወደቀችውም በእሱ ነው።"

"መቼ ነበር?"

የመዝገብ ቤት ሰው ቀን አይረሳም። "ሰኔ ሦስት፣ ረፋድ ላይ" አሉ ወዲያው። ይህን ብለው አፋቸውን ሳይዘጉ ፊታቸው ተለዋወጠ።

ሶረቲ አልጠየቀቻቸውም። ታች አንዲት ሴት ጀሪካን እየጎተተች አለፈች።

"የበሱፍቃድ አርባ ነበር" አሉ። "ቀብሩ ላይ ልጅ አትሂድ ብዬ አስቀረኋት። ለአርባው እወስድሻለሁ አልኳት። ቀኑ ከፈተናዋ ጋር ገጠመ። ፈተናሽን ጨርሰሽ ነይ፣ እጠብቅሻለሁ አልኩ። ዘመዶች ሲመጡ ግን ይዣቸው ሄድኩ። ስመለስ በሩ ተቆልፎባት ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ፈተናውን ጥላ መምጣቷን ስትነግረኝ የአባትሽ ልጅ ብዬ ሰደብኳት።"

"ከዚያስ?"

"ለሰማንያው አልኳት። ያን ዕለት ዘነበ። እስካሁን አልወሰድኳትም። የተቀበረበት ቤተ ክርስቲያን ከዚህ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው፤ ሲስተር፣ አሥር ደቂቃ። እንደማልጠብቃት አውቃ ነው ለካ ፈተናውን የጣለችው። ደግሞም እውነቷን ነበር፤ አልጠበቅኳትም።"

እኔም እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ብዙ ቤት ውስጥ ሰካራሙ ይሞታል፣ ልማዱ ግን ጨዋ በሆኑት ሰዎች በኩል ይቀጥላል። አቶ ወልደገብርኤል አረቄ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም። ነገ እያሉ ማስቀረቱን ግን ከልጃቸው ተረክበውታል።

"አሁን ምን ይሻለኛል?"

"ትልቅ ነገር አይደለም ጋሽ ወልዴ። የማያደርጉትን አይንገሯት። ያሉትን ባሉት ሰዓት ያድርጉት፤ ካልተቻለም ቀኑ ሳያልፍ ይንገሯት። የአባቷ ነገር በሽታ እንደነበረ፣ እሷም ከመጠጥ መራቅ እንዳለባት እውነቱን ያስረዷት። የአባትሽ ልጅ የሚለውን ስድብ ግን ይተዉት። አንጎሏ ገና እየተሠራ ነው፤ ነገ ሲባል ነገ የሚመጣበት ቤት ውስጥ ብትኖር እሱንም ይለምዳል። ቶሎ ግን አይጠብቁ። እኔን ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።"

"የነገውስ ጉዞ?"

"እሱን እርስዎ ያውቃሉ" አለችና ተነስታ ክንዳቸውን ይዛ እስከ በራቸው አደረሰቻቸው።

ኮከቤ ልብሶቿን አጣጥፋ አልጋው ላይ ደርድራ ትጠብቃቸው ነበር። አቶ ወልደገብርኤል ሻንጣውን መሬት አስቀምጠው ሳይቀመጡ ተናገሩ።

"ኮከቤ፣ ዋሽቼሻለሁ። ለመስቀል ብቻ አልነበረም፤ እዚያ ትቼሽ ልመጣ ነበር። አሁን ግን አንሄድም። ትምህርትሽን ትማሪያለሽ።"

ልጅቷ አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። ሻንጣውን አየችው።

"ለአራት ቀን ትልቅ ነው ብዬ ነበር" አለች።

ሽማግሌው ይህን ከመስማት ዱላ ቢያርፍባቸው ይሻላቸው ነበር።

"ተነሺ፣ አባትሽ ጋ እንሂድ።"

"ለሙት ዓመቱ?"

"አሁን።"

ያን ግንቦት የመረጠችውን ጫማ ቆማ አጠለቀች። ክሩን እንኳ ሳታስር ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ ቀድማቸው ደረጃው ላይ ደረሰች። መቃብሩ ዘንድ ሲደርሱ ማካፋት ጀምሮ ነበር፤ እርሳቸውም እንመለስ አላሉም። እሷ እስክትጠግብ ቆሙ፤ ልጅቷ ደግሞ ቶሎ አልጠገበችም።

ከዚያ በኋላ ያለው ነገር እንደ ተረት አልሆነም። ኮከቤ ልብሷን ሻንጣው ውስጥ ከታ በሩ አጠገብ አስቀመጠችው፤ ለምን እንደሆነ አልተናገረችም፣ እርሳቸውም አልጠየቋትም። ጥቅምት ላይ ሁለት ቀን ከትምህርት ቤት ጠፋች። አቶ ወልደገብርኤል ሊሳደቡ አፋቸውን ከፍተው መለሱት። አሥር ሰዓት ላይ ትምህርት ቤቱ በር ላይ እሆናለሁ ካሉ፣ አሥር ሰዓት ላይ እዚያው ናቸው። ጉልበታቸው ያመማቸው ቀን ቀደም ብለው በሶረቲ በኩል ላኩባት። በኅዳር ፈተና የሒሳብ ወረቀቷን እስከ መጨረሻው ደወል ድረስ ተቀምጣ ሠራች። ውጤቷ ግማሽ ብቻ ነበር፤ ሳትደብቅ አምጥታ አሳየቻቸው። ከጎረቤት ልጆች ጋር ሰርግ ቤት ስትጠራም፣ የአባቴ በሽታ እንዳይይዘኝ አልጠጣም ብላ ሳታፍር መናገር ለመደች። አንዳንድ ማታ ግን ዛሬም በር ሲንኳኳ ትደነግጣለች። ያ መቼ እንደሚለቃት ሶረቲም አታውቅም።

በየካቲት አንድ ቀን ከምሳ በኋላ አቶ ወልደገብርኤል ቤት ሲጠርጉ ሻንጣውን በሩ አጠገብ አጡት። እየተንገዳገዱ ወደ መኝታዋ ገቡ። ልብሶቿ ቁምሳጥኑ ውስጥ ተሰቅለዋል፤ ሻንጣው ባዶውን አልጋው ሥር ተገፍቷል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ለልጃቸው ቀብር ያላለቀሱትን አለቀሱ። ከዚያ ሰዓታቸውን አዩ። እጠብቅሻለሁ ያሏት አሥር ሰዓት እስኪሆን ገና ብዙ ቢቀርም፣ ደረጃው ጊዜ ይወስድባቸዋልና ቤቱን ጠርገው ሲጨርሱ ወጡ።