ሦስት እርምጃ ከዘቢደር ሱቅ

ይህን በመናገሬ አስቀድሜ ሽበቴን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከዝናብ ልጠለል ብዬ ሲኒማ ራስ አካባቢ አንድ ጠባብ ፊልም ቤት ገባሁ። የሚታየው በጥቂት ሳንቲም የተሠራ ኮሜዲ ነው፤ ሰውዬው ወደ ድሮ እየተመለሰ ለሚወዳት ልጅ ያልነገራትን ሊነግራት ይሞክራል፤ በሄደ ቁጥር ያንኑ ስህተት ይደግማል። «ወይ ጅል!» እያልኩ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ።

ስወጣ ወኔ አገኘሁና ወደ ጨርቅ ነጋዴዋ ወደ ዘቢደር ሱቅ ሄድኩ። ድሮ «አግቢኝ» ስላት «ላስብበት» ብላኝ፣ ዋጋ እንደሚከራከር ገበያተኛ መልሳ ትጠራኛለች ብዬ ፊቴን አዙሬ ሄጄ ነበር። አልጠራችኝም፤ ሁለታችንም ሳናገባ ቀረን።

«ዛሬስ አሰብሽበት?» አልኳት ኮፍያዬን አውልቄ ባንኮኒው ላይ እያስቀመጥኩ።

«ገና እያሰብኩ ነው። ቁጭ በል እንጂ አንተ ሰው!» አለችኝ እየሳቀች።

እግሬ ግን ልማዱ ነው፤ ዞሬ ወጣሁ። ሦስት እርምጃ እንደሄድኩ ጠራችኝ።

«ኮፍያህን ረሳህ!»

እንዳልሰማ ሆኜ አለፍኩ። አደራ፣ ለማንም እንዳታወሩ፤ ነገ ኮፍያዬን ልወስድ እመለሳለሁ።